ጸሐፊዋ ስሟን መጨረሻ ትጠራለች

የኮስኪ ቀበሌ አዳራሽ የፊት በር አለው፤ ግን ማንም አይገባበትም። በሚቺጋን ሰሜናዊ ጫፍ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር፣ በረዶው ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ደረጃውን ውጦት ይከርማል፤ አካፋ ይዞ የሚታገለውም የለም። ሰው ሁሉ በጓሮ ይዞራል። አምቡላንሷ የምትቆምበትን ጋራዥ ያቋርጣል፣ ቦት ጫማውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ይመታል፣ ከዚያ አዳራሽ ይገባል። አያቶቻቸው ከሠሩት ጀምሮ እንዲህ ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል።

ለዚህ ነው ኢርማ ሃካላ ዲሴምበር 8 ቀን አመሻሽ ላይ የፊቱን በር ስትቆልፍ ሁለቴ ያላሰበችው። ከሐይቁ የተነሣ ነፋስ በሩን በርግዶ ወረቀቷን ሁሉ በትኖባት ነበር። ኢርማ የቀበሌው ጸሐፊ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ወንበር ተቀምጣለች፤ ወረቀቷን የሚነካባትን ሰው አትወድም፣ ነፋስም ቢሆን። ሄደች፣ መቀርቀሪያውን ጣለች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። "እፎይ! አሁን ገና ሰው ሆንን" አለች። በዚህ ዓለም ስንት ክፉ ሥራ ይሠራል። የእሷ ይኸው ነበር፤ በር ቆለፈች።

ያን ቀን የተሰበሰቡት ስለ አምቡላንሷ ነው። መኪናዋ ሃምሳ ደቂቃ ርቆ የሚገኘው የከተማው ሆስፒታል ንብረት ናት፤ ኮስኪ ውስጥ የምትቆመው በውል ነው። ውሉ በዓመቱ መጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ ከቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት ያልቃል፤ ካልታደሰ መኪናዋ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ከተማ ትመለሳለች። ሃምሳ ደቂቃ ስል በረዶ ሲጥል ነው፤ በረዶ የማይጥልበትን ቀን ደግሞ እኛ አገር በጣት ትቆጥረዋለህ። ከጋራዡ ተነሥታ ኢርማ ቤት ለመድረስ ግን ስድስት ደቂቃ ይበቃታል። ኢርማ ይህን የምታውቀው በወሬ አይደለም፤ ሰዓት ይዛ ነው። የባሏ የቶይቮ ልብ ሁለት ጊዜ ቀጥ ብሎ፣ ሁለቴም የተመለሰው በዚያች ስድስት ደቂቃ ነው።

ጋራዡና አዳራሹ ግድግዳ ይጋራሉ። ጥሪ ሲመጣ ግድግዳው ላይ ያለው ደወል ይጮኻል፤ ያኔ ስብሰባው ውስጥ የሚናገር ሰው ቃሉን እኩል ላይ ይቆርጠዋል። ሁሉም ጆሮውን አቁሞ መኪናዋ ወዴት እንደምትታጠፍ ያዳምጣል። ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ አሮጌው የመዳብ ማዕድን፣ ወደ ግራ ከሆነ ወደ ድልድዩ መንገድ ናት። የራሱ መንገድ የሆነበት ሰው ስልኩን አውጥቶ ቤቱ ይደውላል። ሌላው ትንፋሹን ይለቃል። ኢርማ የምትኖረው በድልድዩ መንገድ ነው።

ኮስኪ የምትተዳደረው በቻርተር፣ በራሷ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ቻርተሩም ቆንጠር አድርጎ ነው ሥልጣን የሰጠው። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና አራት ተራ አባላት፤ በድምሩ ሰባት ሰው። ሊቀመንበሩ መዶሻ ይያዝ እንጂ ድምፁ እንደማንም አንድ ነው። ከሰባቱ አራቱ በአካል ካልተገኙ ስብሰባ የለም። አራት ሰው "እደግፋለሁ" ካላለ ውል አይታደስም። ስም የምትጠራው ጸሐፊዋ ናት፤ የራሷን ስም የምትጠራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ይሄኛው ቻርተሩ ውስጥ የለም፤ ልማድ ነው። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ "ራሱን አስቀድሞ የሚጠራ ሰው ማን ይሰማዋል?" ብላ ጀመረችው ይባላል።

ቶይቮም ከአራቱ አባላት አንዱ ነው። አርባ ዓመት የቀበሌውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ "ቤት ውስጥ ኢርማ አታናግረኝም፤ ስብሰባ ላይ ግን ስሜን መጥራት ግዴታዋ ነው" ብሎ ተወዳደረ። በዚያች ቀልድ ብቻ ተመረጠ ብትል ውሸት አይሆንም።

ያን ምሽት አራት ደገፉ፤ ሊቀመንበሩ ጊዶ ቴስታ፣ ገንዘብ ያዧ ሊዮና ሳቮይ፣ ቶይቮና ኢርማ። ከከተማው በኩል የሚኖሩት ሁለት አባላት ተቃወሙ። አምቡላንሷ ከተማ ብትሆን ለእነሱ ትቀርባለች፤ የቀረው ወሬ ጌጥ ነው። ሰባተኛው ፍሎሪዳ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። አራት ለሁለት። ኢርማ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ቤቷ ገብታ በወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዲሴምበር 20 ቶይቮ ጫማውን ሲያስር ወደቀ። ስድስት ደቂቃ። ተመለሰ። ሆስፒታል ሰባት ቀን ተኝቶ ሲወጣ ሐኪሟ ኢርማን ኮሪደር ላይ አቁማ "ከአልጋ አይውረድ። ደረጃ የለም፣ ብርድ የለም፣ ንዴት የለም" አለቻት። ኢርማም "አይወርድም" አለች፤ በልጆቿ ስም ማለች።

ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ቀን ጊዶ ደወለ። ጊዶ ድንጋይ ቤት ሲገነባ የኖረ፣ ድምፁ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ሹክ አለ።

"ኢርማ፣ ተቀምጠሻል?"

"ምን ሆነሃል? ተናገር እንጂ!"

"ስብሰባው ፈርሷል።"

"የቱ ስብሰባ?"

"የዲሴምበር ስምንቱ። ያ ከታች አገር፣ ከደቡብ ሚቺጋን የመጣው ሰውዬ፣ ዌንደል ፕራት፣ ያን ለታ በፊት በር መጥቶ ነበር። ተቆልፎ አገኘው። አንኳኳ፣ ጮኸ፣ በነፋሱ ማን ይስማው? ሃያ ደቂቃ በረዶ ላይ ቆሞ ተመለሰና ደብዳቤ ጻፈ፤ ለእኛም ለሆስፒታሉም። የሕዝብ ስብሰባ በር ተቆልፎበት አይካሄድም ይላል። የሆስፒታሉ ጠበቃ እውነቱን ነው አለ። በተቆለፈ በር ጀርባ በተወሰነ ውሳኔ አንፈርምም አሉን።"

ኢርማ ግድግዳውን ያዘች። "እኔ ነኝ የቆለፍኩት" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ጊዶ፣ እኔ ነኝ! በእጄ!"

"አውቃለሁ አልኩሽ እኮ። እንደገና እንሰብሰብ። ማስታወቂያው ከስብሰባው አሥራ ስምንት ሰዓት አስቀድሞ መለጠፍ አለበት። ነገ ለጥፊ፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት እንወስን፣ ከስድስት ሰዓት በፊት እናድርስላቸው።"

"እሺ ማን ማን ይመጣል?"

ጊዶ እየከበደው ነገራት። ሁለቱ ተቃዋሚዎች አንመጣም ብለዋል። አንዱ "ጉንፋን ይዞኛል"፣ ሌላው "መኪናዬ አልነሣ አለ"፤ አልሸሹም ዞር አሉ። ካልመጡ ምልዓተ ጉባኤ እንደማይሞላ ያውቃሉ። የፍሎሪዳው ሰውዬ አውሮፕላን አላገኘም። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ጊዶ፣ ሊዮናና ኢርማ።

"በስልክ ቢሆንስ?" አለች ኢርማ። መልሱን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷው ናት። ቻርተሩን ሃያ ሁለት ዓመት አቅፋ የተኛች ሰው፣ ያልተገኘ ሰው ድምፅ ድምፅ አለመሆኑን ረስታ አይደለም። ግን ሰው ሲጨንቀው የተዘጋ በር ደግሞ ይገፋል።

"አራተኛው..." አለ ጊዶ፤ አልጨረሰውም።

"አፍህን ዝጋ" አለችው፤ ስልኩንም ጠረቀመችው።

ቶይቮ ከመኝታ ቤት ሰምቷት ነበር። የዚያ ቤት ግድግዳ ምስጢር አያውቅም።

"አንቺ ሴትዮ፣ ማንን ነው አፍህን ዝጋ የምትይው?"

"ማንንም። ተኛ።"

"አራተኛው እኔ ነኝ አይደል?"

"ቶይቮ፣ ተኛ አልኩህ።"

"ተኝቼማ ነው የሰማሁት።" ሳቀ፤ ሳቁ በሳል ተቆረጠ። "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ብቀር መኪናዋ ትሄዳለች። ከሄደች ደግሞ በሚቀጥለው ስወድቅ ሃምሳ ደቂቃ ነው። ያኔ አምቡላንስ ሳይሆን ቄስ ጥሪ። ብሄድ ምናልባት እወድቃለሁ። ግን የምወድቀው የት ነው? ከአምቡላንሷ አሥር እርምጃ ላይ! ከዚያ የተሻለ መውደቂያ በዚህ ቀበሌ አለ?"

"በዚህ አትቀልድ።"

"አልቀለድኩም፤ ሒሳብ ነው። ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ? የሊዮና ልጅ በፌብሩዋሪ ትወልዳለች። ማዕድኑ ጋ ያሉት ሽማግሎችስ?"

ኢርማ ተነሥታ ወጥ ቤት ሄደች፤ የሚታጠብ ሳይኖር ሳህን አጠበች። አለቀሰች። እኔ ነኝ የቆለፍኩት፣ እኔ ነኝ የቆለፍኩት ስትል ውኃው ቀዘቀዘ። እንዳይሄድ ልትከለክለው ትችል ነበር፤ የመኪናውን ቁልፍ መደበቅ፣ ሐኪሟን መጥራት። አልከለከለችውም። ይህን በኋላ ለራሷ ደጋግማ ትናገራለች።

በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካፋ ይዛ የአዳራሹን የፊት ደረጃ መጥረግ ጀመረች። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በረዶው ድንጋይ ሆኖ ነበር። በዚያ የሚያልፍ አንድ ሹፌር መኪናውን አቁሞ "ኢርማ፣ ምን ጠፋብሽ?" አላት። "በር" አለችው፤ መቆፈሯንም ቀጠለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማስታወቂያውን የፊቱ በር ላይ በአራት ሚስማር መታችው። መቀርቀሪያውን ከነብሎኑ ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

ዲሴምበር 31፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ቶይቮ በጓሮ ገባ፤ ጊዶ በአንድ በኩል፣ ኢርማ በሌላ በኩል ደግፈውት። የአምቡላንሷ ባለሙያ ጆሊን ጋራዡ ውስጥ ጎማ ስታይ ቀና አለችና ፊቷ ተለወጠ።

"አባባ ቶይቮ! ማን ፈቀደልዎ?"

"ቻርተሩ" አላት።

አዳራሹ ውስጥ ሃምሳ ወንበር ተደርድሯል። ከሕዝብ የመጣው አንድ ሰው ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ኮቱን እስከ አገጩ የቆለፈ፤ በፊት በር የገባ፣ ጫማው ላይ አንድ ቅንጣት በረዶ የሌለበት። ዌንደል ፕራት ነበር። ታች አገር ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ ሆኖ ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞት ሐይቅ ዳር ቤት ገዛ፤ ሦስት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ላይ ደብተር፣ እጁ ላይ እስክሪፕቶ። ኢርማ ስታየው ደሟ ፈላ።

ጊዶ መዶሻውን መታ። "አራት ተገኝተናል፤ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። ከሕዝብ የሚናገር ካለ፣ ሦስት ደቂቃ።"

ፕራት ተነሣ። "አልረዝምም። አምቡላንሷ እንድትቀር እደግፋለሁ። በስምንተኛውም ቀን የመጣሁት ይህንኑ ለመናገር ነበር።"

ሊዮና ሳቮይ መነጽሯን አወለቀች። "ለመደገፍ? ለመደገፍ መጥተው ነው ያፈረሱብን?"

"ወይዘሮ ሳቮይ፣ ደብዳቤው የእናንተ ውሳኔ በኋላ በማንም እንዳይነቀፍ..."

"ታዲያ ለምን በጓሮ አልመጣህም፣ አንተ ሰው?" አለ ቶይቮ።

ፕራት ግራ ተጋባ። "ጓሮ በር አለ እንዴ?"

ጊዶ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ቶይቮም ሳቀ፤ ሊዮና ሳትፈልግ ሳቀች። ሦስት ዓመት አብሯቸው ኖሮ ማንም ያልነገረው ሰው! ኢርማ ብቻ አልሳቀችም። ባሏ ሲስቅ እጁ ግራ ክንዱን እንደያዘ አይታለች።

ውሉ ከመወሰኑ በፊት ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለበት። አሥራ አንድ ገጽ ነው። ኢርማ ማንበብ ጀመረች። በሦስተኛው ገጽ ቀና አለች፤ የቶይቮ ግንባር ላቦታል። በአምስተኛው ከንፈሩ አመድ መስሏል። ገጽ ልዝለል ይሆን ብላ አሰበች። ፕራትን አየችው፤ በእስክሪፕቶው እየተከተላት ነው። አንድ አንቀጽ ብትዘል፣ ይሄ ሰው ሌላ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ ቶይቮ ከአልጋው የወረደው በከንቱ ነው። አልዘለለችም። ምላሷ እስኪደናቀፍ ፈጠነች፤ የኮማ ምልክት ሁሉ ጠላቷ ሆነ።

"ጸሐፊ፣ ስም ይጥሩ" አለ ጊዶ።

"ሳቮይ፣ ሊዮና።"

"እደግፋለሁ።"

"ሃካላ፣ ቶይቮ።"

ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ቀና ብሎ አያት፤ ሃምሳ አንድ ዓመት ያየችው ዓይን ነው።

"እደግፋለሁ" አለ። ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ከዚያ በጎኑ ከወንበሩ ወደቀ።

ኢርማ ጠረጴዛውን እንዴት እንደዞረች አታውቅም። ተንበርክካ እጁን ይዛለች። ጊዶ ግድግዳውን በመዶሻው እየደበደበ "ጆሊን! ጆሊን!" ይላል። ፕራት ወንበር እየገለበጠ ወደማያውቀው የጓሮ በር ሮጠና ከፈተው። ጆሊንና ባልደረባዋ ቃሬዛውን እየገፉ ገቡ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ሸሚዙን ቀደዱ፣ ጭንብሉን አጠለቁ፣ አነሡት፣ አሰሩት። "ልቡ እየመታ ነው፤ እንሂድ!" አለች ጆሊን።

ያኔ ነው ሊዮና ኢርማን ክንዷን የያዘቻት። ሊዮና እያለቀሰች ነበር። "ኢርማ" አለቻት፣ "ይቅር በይኝ፤ ግን አራት ነን።"

ኢርማ ገባት። ሁለት ስም ይቀራል፤ የጊዶና የእሷ። ቶይቮ ያን ደፍ ከተሻገረ ሦስት ናቸው፤ ሦስት ሰው ስብሰባ አይደለም። ያለው "እደግፋለሁ" ከእሱ ጋር በበሩ ይወጣል። ዛሬ ደግሞ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ሁሉም ያበቃል። ያቺን አንድ ደቂቃ ምን ስታደርግ ነበር? ተንበርክካ እጁን ስትይዝ። በዚያች ደቂቃ ሁለት ስም መጥራት ትችል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስም የጠራች ሴት!

ቃሬዛው በሩ ጋ ደርሷል።

"ቁሙ!" አለች።

ጆሊን የሰማችውን አላመነችም። "ምን?"

"እንዳትወጡ! ቁሙ!"

ቶይቮ ዓይኑን ገለጠ። ጭንብሉን በጣቱ ወደ ጎን ገፋ። ድምፁ ከሩቅ ይመጣል።

"ስምሽን ጥሪ" አላት።

"ቴስታ፣ ጊዶ!"

"እደግፋለሁ!"

"ሃካላ፣ ኢርማ።" ራሷን ጠርታ ለራሷ መለሰች። "እደግፋለሁ።"

"በአራት ድምፅ ጸድቋል!" ብሎ ጮኸ ጊዶ፤ መዶሻው ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ቃሬዛው ወጣ። ኢርማ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ ልማድ ነው፤ አራት ሰዓት ከአርባ አንድ ይላል። ከዚያ ሮጠች።

ቶይቮ ሃካላ ከድልድዩ ማዶ፣ መንገድ ላይ ሞተ። ጭንቅላቱ በእሷ ጉልበት አጠገብ ነበር። ሐኪሟ "እነዚያ ሰከንዶች ምንም አይለውጡም ነበር" አለቻት፤ ሁለት ጊዜ አለቻት። ኢርማ በአክብሮት ሰማች፤ አላመነችም። ቃሬዛው በእሷ ቃል የቆመው አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር። ቀብሩ እስኪደርስ፣ ካለፈም በኋላ፣ ወጥ ቤት ተቀምጣ በግድግዳው ሰዓት ትለካዋለች፤ አሥራ አንድ ሰከንድ ምን ያህል ይረዝማል? ቁጭ ብሎ ለሚለካው በጣም ይረዝማል።

አምቡላንሷ ቀረች። ጊዶ ውሉን በራሱ መኪና እየበረረ አድርሷል፤ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ።

የጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ፣ አመሻሽ ላይ፣ መደበኛ ስብሰባ ሆነ። አዳራሹ ጢም አለ። ሁለቱ ተቃዋሚዎች ሳይቀሩ መጥተው አቀርቅረው ተቀመጡ። የፊቱ በር ክፍት ነበር፤ ሰው ግን በጓሮ ገባ። የቶይቮን ወንበር ማንም አላነሣውም። ቻርተሩ ክፍት የሆነ ቦታ በአርባ አምስት ቀን ይሞላ ይላል፤ ያን ቀን ግን ነገሩን ማንም አላነሣም።

መጀመሪያ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይነበባል። አንባቢዋ ኢርማ ናት። ጊዶ "ሊዮና ታንብብልሽ" ብሏት ነበር፤ እምቢ አለች። ቆማ አነበበች፦

"'ሳቮይ፣ ሊዮና፤ እደግፋለሁ። ሃካላ፣ ቶይቮ፤ እደግፋለሁ። በዚህ ጊዜ አባል ሃካላ ታመሙ። የሕክምና ባለሙያዎች በቃሬዛ ሊያወጧቸው ሲሉ ጸሐፊዋ ቁሙ ብላ ከለከለች። ቃሬዛው በጸሐፊዋ ትእዛዝ አሥራ አንድ ሰከንድ...'"

"ኢርማ" አለ ጊዶ ዝግ ብሎ። "ይሄ አያስፈልግም። ቃለ ጉባኤ ውሳኔ ነው የሚይዘው።"

"የሆነው ይጻፋል" አለች።

"ማነው የጠየቀሽ? ማንም እኮ አልወቀሰሽም!"

"የሆነው ይጻፋል፣ ሊቀመንበር።"

ከኋላ አንድ ሰው ተነሣ። ፕራት ነበር። ኮቱ ዛሬ አልተቆለፈም፤ ደብተርም አልያዘም፤ ጫማው ግን በበረዶ ርሷል። "ሦስት ደቂቃዬን ልጠቀም" አለ። "ቃለ ጉባኤው ስህተት አለበት። በሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ወደ ውጭ የሚገፋውን በር ወደ ውስጥ ስስብ ነበር፤ አላውቀውማ። ቃሬዛው የቆመው በእኔ ምክንያት ነው። ወይዘሮ ሃካላ ቁሙ ሲሉ አልሰማሁም። አሥራ አንዱ ሰከንድ የእኔ ነው። እንዲታረም እጠይቃለሁ።"

በሩ ቃሬዛው ከመምጣቱ በፊት ተከፍቶ እንደነበር ጊዶ ያውቃል፣ ሊዮና ታውቃለች፣ ግድግዳ ተደግፋ የቆመችው ጆሊንም ታውቃለች። አንዲት ኮማ የማይምረው ሰው፣ በተቆለፈ በር ምክንያት ቀበሌ ያናወጠ ሰው፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ዋሸ። ጆሮው ቀልቶ ነበር። መዋሸት አልለመደም።

"አባል የሆነ ሰው እርማቱን ያቅርብ" አለ ጊዶ ተሽቀዳድሞ፤ ሊዮናም እጇን አነሣች።

"እጅሽን አውርጂ" አለች ኢርማ። ወደ ፕራት ዞረች። "አቶ ፕራት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ቀን ነው የጠላሁዎት! ዛሬ በቃኝ። ግን ያቺን አሥራ አንድ ሰከንድ አይውሰዱብኝ። ቶይቮ 'ስምሽን ጥሪ' ያለኝ በእሷ ውስጥ ነው። ከእሷ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገረም። ጥፋቴም እሷው ውስጥ አለ፣ ባሌም እሷው ውስጥ አለ። ለያይቼ የምሰጠው የለኝም።"

ፕራት ተቀመጠ። ሊዮና እጇን አወረደች።

ያኔ ግድግዳው ላይ ያለው ደወል ጮኸ።

እንደ ልማዱ ሁሉም ጸጥ አለ። ጆሊን በጓሮ ሮጣ ወጣች። የጋራዡ በር ሲነሣ፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣ ጎማው በረዶ ሲፈጭ ተሰማ። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ሳይረኗ ወደ ግራ ታጠፈች፤ ወደ ድልድዩ መንገድ።

የኢርማ እጅ ከእሷ ቀድሞ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። ስልኩን አውጥታ፣ የቤቷን ቁጥር ነክታ፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነበር። ስልኩ ቤቷ ውስጥ ጮኸ። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ጮኸ። ሊዮና አይታት አፏን በእጇ ያዘች።

ኢርማ ስልኩን ዘጋች፤ ጠረጴዛው ላይም አስቀመጠችው። ሳይረኗ እየራቀች ሄደች፤ ከሌላ ሰው በር ስድስት ደቂቃ ላይ ናት። ኢርማ መነጽሯን ጠረገች፣ ወረቀቱን አነሣች፣ ካቆመችበት ቀጠለች።

"'አሥራ አንድ ሰከንድ ቆመ። ቴስታ፣ ጊዶ፤ እደግፋለሁ'" አለች፤ የራሷንም ስም መጨረሻ ላይ ጠራች።